«ቱን» ሲሏችሁ የቱን ነው? ለስኮትላንድ አዲሶች

ሰላም ወገኖች። አበርዲን በቅርቡ የገባችው እህታችን «ሥራ ቦታ ሁሉም ‹ዱን ዘ ቱን› ይላሉ፣ ምንድን ነው?» ብላ ጠይቃለች። እዚህ አገር ስለቆየሁ የማውቀውን ልበል።

እህቴ፣ ቱን ማለት ታውን ነው። «ዱን ዘ ቱን» የሚልሽ ሰው ሱቁ ወዳለበት፣ ወደ መሃል ከተማ እየሄደ ነው። «አፕ ዘ ቱን» የሚልም አለ፣ ያው ነው። «ላንግ ቱን» ካሉ ግን ከርኮዲ የምትባለዋ ከተማ ናት፤ ዋና መንገዷ ረጅም ስለሆነ የወጣላት ስም ነው።

አንዱን ከያዝሽ ሌላው ይቀልሻል። ሃውስ ሁስ ነው፣ ናው ኑ፣ አውት ኡት። አንዳንድ ልጆቻችን ስለ ስኮትላንዶቹ «እንግሊዝኛ አይችሉም» ሲሉ እሰማለሁ፤ ያናድደኛል። ጥንታዊው ድምፅ እኮ የእነሱ ነው! ከዛሬ 500 ዓመት ገደማ ወዲህ አነጋገሩን የለወጠው የእንግሊዝ ደቡብ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ቆጠራ ስኮትስ (ይህ አነጋገር የሚባለው እንዲህ ነው) እንናገራለን ያሉት 1.5 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ።

ዋናው ጣጣ ያለው ገጠር ነው። ድሮ ቱን የሚባለው ከተማ ብቻ አልነበረም። ጥቂት ገበሬዎች ተጠጋግተው የሚኖሩበት መንደርም «ፈርም ቱን» ይባል ነበር። መሬቱን ቁራጭ ቁራጭ አድርገው ይካፈሉታል። ማረሻው ከባድ ስለነበር ብዙ ጊዜ 8 በሬ ይጠመድበታል። አንድ ቤት ብቻውን 8 በሬ ከየት ያመጣል? ሁሉም ያለውን ያዋጣል። የኛው መቀናጆ ማለት ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን ግን ባለርስቶቹ መሬቱን ሰብስበው ለጥቂት ትልልቅ ገበሬዎች ያከራዩት ጀመር። ስንቱ ቤተሰብ ከቀዬው ተነቀለ። ብዙዎቹ ቱኖች ፈረሱ፣ ስማቸው ቀረ።

አድራሻ ላይ የምታዩት ያንን ስም ነው። ኪርክተን የቤተ ክርስቲያን ቱን፣ ሚልተን የወፍጮ ቱን ነው። አበርዲን አጠገብ ኪርክተን ኦፍ ስኪን፣ ከግላስጎው በስተሰሜን ሚልተን ኦፍ ካምፕሲ አሉ። እነዚህ ዛሬ ደህና መንደሮች ናቸው። ሌላው ግን ስሙ ከተማ ይመስልና ስትደርሱ አንድ የድንጋይ ቤት፣ ጎተራና የላሞች በረት ሆኖ ይገኛል። «ሜይንስ ኦፍ» ብሎ የሚጀምር ካያችሁም የርስቱ ዋና እርሻ ነው፣ ከተማ አትጠብቁ።

በየቤቱ እየዞራችሁ አረጋውያን የምትንከባከቡ፣ ዕቃ የምታደርሱ በተለይ ልብ በሉ። ገጠር ላይ አንድ ፖስት ኮድ ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ ጂፒኤሱ ከቤቱ ርቆ መንገድ ዳር ሊያቆማችሁ ይችላል። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ አበርዲን በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት ተኩል ሲሆን ፀሐይ ትጠልቃለች። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ደውሉ። የቤቱን ስም፣ ከዋናው መንገድ የት ጋ እንደሚታጠፍና በሩ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ጠይቁ።