በሌዘር የዓይን ቀዶ ሕክምና ወቅት የኮርኒያን እርጥበት እንዴት እንጠብቅ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በዓይን ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ የምገኝ ሐኪም ስሆን፣ በአሁኑ ወቅት የላሲክ ቀዶ ሕክምናን (የኮርኒያን ቅርጽ በሌዘር አስተካክሎ እይታን የሚያርም ሕክምና) ከአስተማሪዎቼ ጎን ሆኜ እየተከታተልኩ ነው። ግልጽ ሊሆንልኝ ያልቻለው የኮርኒያ (ብርሃን የሚያሳልፈው የዓይን የፊት ክፍል) እርጥበት ጉዳይ ነው። አንደኛው አስተማሪዬ ፍላፑን (ከኮርኒያ ላይ የሚነሳውን ስስ ክዳን) እንዳነሱ የስትሮማውን (ከፍላፑ ሥር ያለውን የኮርኒያ ክፍል) ገጽ በስፖንጅ አንድ ጊዜ ጠርገው ወዲያውኑ ሌዘሩን ያስጀምራሉ። ሌላኛው ግን ሳይጠርጉ ጀምረው፣ በመሐል ውኃ ሲያዩ ጨረሩን አቁመው ያደርቃሉ። የሁለቱም ታካሚዎች ጥሩ እያዩ ይሄዳሉ። ታዲያ ገጹ ምን ያህል መድረቅ አለበት? ሲደርቅ ጠብታ መጨመርስ ይፈቀዳል?

መልስ 1 (የዓይን ቀዶ ሐኪም)

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ብዙ ሠልጣኞች ሳይጠይቁት ያልፋሉ። መልሱን ለማግኘት ሌዘሩ ምን እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። የኤክሳይመር ሌዘር (ቲሹን በምት በምት የሚያነሳው ሌዘር) የሞገድ ርዝመቱ 193 ናኖሜትር ሲሆን፣ ጉልበቱን በዋናነት የሚቀበለው የኮርኒያው ኮላጅን (ኮርኒያው የተሠራበት ፕሮቲን) ነው። እያንዳንዱ ምት የሚያነሳው ሩብ ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ያህል ብቻ ነው። ኮርኒያ ከክብደቱ ሦስት አራተኛ የሚበልጠው ውኃ ስለሆነ፣ ይህ መጠን ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር በአንድ ምት የሚነሳው ኮላጅንም ይለዋወጣል። ገጹ ከረጠበ ሌዘሩ ያሰብነውን ያህል ሳያነሳ ይቀርና እርማቱ ያንሳል፤ ከደረቀ ደግሞ ከታሰበው በላይ ተነሥቶ እርማቱ ይበዛል።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስልዎ። በ6 ሚሊሜትር የእርማት ክልል ላይ ለአንድ ዳዮፕተር (የመነጽር ልክ መለኪያ) የሚነሳው ጥልቀት 12 ማይክሮን ገደማ ነው። የ6 ዳዮፕተር ቅርብ እይታ ያለበትን ሰው ብንወስድ 72 ማይክሮን መነሣት አለበት። በእርጥበቱ ምክንያት የሚነሳው መጠን በአንድ አሥረኛ ቢለዋወጥ ስሕተቱ ከግማሽ ዳዮፕተር ያልፋል፤ ይህም ታካሚው መነጽር ሊያስፈልገው የሚችልበት ልዩነት ነው።

ስለዚህ ዋናው ቁም ነገር ገጹን ማድረቅ ወይም ማርጠብ ሳይሆን፣ በእያንዳንዱ ዓይን ላይ አንድ ዓይነት ማድረግ ነው። ሁለቱ አስተማሪዎችዎ በተለያየ መንገድ ሠርተው ጥሩ ውጤት የሚያገኙት ሌዘሩ ላይ የሚያስገቡትን ቁጥር ከራሳቸው የቀድሞ ውጤቶች ተነሥተው ስላስተካከሉት ነው። የአንደኛውን ማስተካከያ ሠንጠረዥ ወስደው በሌላኛው ዘዴ ቢሠሩ ግን ስሕተት ውስጥ ይገባሉ። እኔ ለሠልጣኞች አጥብቄ የምመክረው ፍላፑ ከተነሣበት ቅጽበት እስከ መጀመሪያው ምት ያለው ጊዜ ሁልጊዜ ተመሳሳይ እንዲሆን ነው። የዓይን መከታተያው እስኪይዝ ወይም ታካሚው እስኪረጋጋ ድረስ ገጹ እንደተከፈተ ከቆየ፣ ፍላፑን መልሶ እንደገና መጀመር ያስተማምናል።

ዓይንዎን ማሠልጠንም አለብዎት። በማይክሮስኮፑ ሲያዩ የስትሮማው ገጽ እንደ መስታወት ካብለጨለጨና የመብራቱ ነጸብራቅ ከወዲያ ወዲህ ከተንሸራተተ፣ ላዩ ላይ ውኃ አለ ማለት ነው። ዝግጁ የሆነ ገጽ በሁሉም በኩል እኩል የደበዘዘ፣ ብልጭታ የሌለው ነው። ውኃ ብዙ ጊዜ የሚጠራቀመው ፍላፑ በተያያዘበት ጠርዝ ላይ ስለሆነ በዚያ በኩል ደጋግመው ይመልከቱ። ሰፊ ጨረር ይጠቀሙ በነበሩት የቀድሞ ሌዘሮች ምቱ ራሱ ፈሳሹን ወደ መሐል ይገፋው ስለነበር፣ መሐሉ ሳይነሣ ጉብታ ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ ነበር። አሁን ያሉት ጠባብ ጨረር የሚበትኑት ሌዘሮች ችግሩን እጅግ ቀንሰውታል። ጨረሩ በመሥራት ላይ ሳለ በሚነሣው ገጽ ላይ ጠብታ አይጨመርም፤ ውኃ ከታየ ቆም ብሎ ገጹን በሙሉ እኩል መጥረግ ነው እንጂ የረጠበውን ቦታ ብቻ መንካት ሌላ አለመመጣጠን ይፈጥራል።

መልስ 2 (የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ)

ዶክተር በገለጹት ላይ ከክፍሉ ዝግጅት አንጻር ጥቂት ልጨምር። የማደንዘዣ ጠብታ ቀድሞ እና ተደጋግሞ ከተጨመረ የኮርኒያው የላይኛ ሽፋን ይላላል፤ ታካሚውም የማርገብገብ ስሜቱ ስለሚጠፋ ዓይኑ ሳይከደን ይደርቃል። ስለዚህ ጠብታውን የምንሰጠው ወደ አልጋው ሊሄድ ሲል ነው፤ ተራውን የሚጠብቀውንም ዓይን ሸፍነን እናቆየዋለን። የክፍሉ የሙቀትና የአየር እርጥበት መጠን በየቀዶ ሕክምናው ይመዘገባል፤ የአየር ማቀዝቀዣው ነፋስ በቀጥታ ወደ ታካሚው ፊት እንዳይመጣም እንጠነቀቃለን። ሽቶና የአልኮል ትነት የሌዘሩን ጨረር በመንገድ ላይ ስለሚቀንሱት፣ ታካሚውም ሠራተኛውም በዚያ ቀን ሽቶ አይቀቡም።

የታጠፈው ፍላፕ ደግሞ እንዳይረሳ። ከደረቀ ይኮማተራል፤ ሲመለስም ቦታውን በትክክል አይሞላውም፣ መስመር መስመርም ሊያወጣ ይችላል። የስትሮማውን ገጽ ሳያረጥቡ ፍላፑን ብቻ መጠበቅ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በፒአርኬ (ያለ ፍላፕ በኤክሳይመር ሌዘር የሚሠራው) እና በስማይልም (ኮርኒያው ውስጥ ቲሹ እጅግ አጭር ምት ባለው የፌምቶሰከንድ ሌዘር ተቆርጦ የሚወጣበት) ሁኔታው ያው ነው?

መልስ 3 (የዓይን ቀዶ ሐኪም)

መርሁ አንድ ቢሆንም አፈጻጸሙ ይለያል። በፒአርኬ የላይኛው ሽፋን ስለሚወገድ ስትሮማው በሰፊው ይጋለጣል፣ ማድረቁም ፈጣን ነው። ሽፋኑን በ20 በመቶ ገደማ አልኮል የሚያላሉ ሐኪሞች ቦታውን በሚገባ አጥበው፣ ቀሪውን ሽፋን ሳይዘገዩ አንሥተው፣ ገጹን እኩል አድርቀው መጀመር አለባቸው። ሽፋኑን ለማንሣት የሚፈጀው ጊዜ ከታካሚ ታካሚ ሲረዝምና ሲያጥር እርማቱም አብሮ ይዛባል።

በስማይል ቲሹ በኤክሳይመር ስለማይነሣ፣ እርጥበት የእርማቱን ልክ በዚያ መንገድ አያዛባውም። አደጋው ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል፤ የፌምቶሰከንዱ ጨረር በኮርኒያው ገጽ ውስጥ አልፎ ስለሚሠራ፣ ገጹ ከደረቀ ወይም ቆሻሻ ከያዘ ጨረሩ ያላለፈባቸው ጥቁር ነጠብጣቦች ይቀራሉ፣ በእነዚያም ቦታዎች ቲሹው አይለያይም። ፈሳሽ ከበዛ ደግሞ መሣሪያው ዓይኑን የያዘበት መሳብ ሊለቅ ይችላል። ከመያያዙ በፊት ገጹን በትንሹ አርጥቦ ትርፉን ማንሣት ይበቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። የእርጥበት ስሕተት ከቀዶ ሕክምናው በፊትም ሊጀምር ይችላል። የዓይን ድርቀት ያለበት ሰው የኮርኒያ ካርታውም የመነጽር ልኩም ከአንዱ ቀን ወደ ሌላው ይለዋወጣል። በዚያ ልክ ሌዘሩን ካዘጋጀነው፣ በቀዶ ክፍል ውስጥ የምንወስደው ጥንቃቄ ሁሉ የተሳሳተ ቁጥርን በትክክል ከመፈጸም አያልፍም። ላሲክ የኮርኒያን ነርቮች ስለሚቆርጥ ድርቀቱን ራሱ ለወራት ሊያባብሰው ይችላል። ስለዚህ የእንባ ምርመራ ተደርጎ ድርቀት ከተገኘ አስቀድሞ ይታከም፤ ሁለት ተከታታይ ልኬቶች እስኪስማሙ ድረስም የቀዶ ቀን አይቆረጥ።