ውድ የጆሮ ማዳመጫ ሲለመድ የሚለወጠው ማዳመጫው ነው ወይስ ሰሚው?

ጥያቄ
ብርዳሙ፣ ከደብረ ብርሃን

እንደምን ሰነበታችሁ። ጥያቄዬ ስለ ጆሮ ማዳመጫ ነው፤ ነገር ግን «የትኛውን ልግዛ» የሚል ብቻ ስላልሆነ ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ።

አጎቴ ለገና ከውጭ አገር ሲመጡ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ጀርባው በወንፊት ብቻ የተከደነ፣ ባለ ገመድ ማዳመጫ ይዘው መጥተው ነበር። ሲመለሱም «እስከ ፋሲካ ስማበት፤ ከዚያ በሰው ትልክልኛለህ» ብለው ትተውልኝ ሄዱ። ጎኑ ላይ 300 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው) የሚል ተጽፎበታል። ዋጋውን ሳጠያይቅ የሦስት ወር ደመወዜን የሚወስድ ሆኖ አገኘሁት። የእኔው ደግሞ ጆሮ ውስጥ የሚሰካ፣ አራት ዓመት ያገለገለኝ፣ ዋጋው እዚህ ግባ የማይባል ኤርፎን ነው።

በመጀመሪያው ማታ ሁለቱን እያፈራረቅሁ በስልኬ አንድ የበገና ቅጂ ሰማሁ፤ እውነቱን ለመናገር አዘንሁ። በአሮጌው ኤርፎን ደረቴ ድረስ የሚዘልቀው ወፍራም አውታር በውዱ ሲመጣ የራቀና የሳሳ ሆነብኝ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሻጭ በስልክ ብጠይቀው «200 ሰዓት ሳይሠራ አይፍታታም፤ ታገሥ» አለኝ። ታገሥሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ በእሱ ብቻ ስሰማ ቆየሁ። አሁን ነገሩ ተገልብጦ፣ አሮጌውን ስሰካው በገና ደርዳሪው ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚደረድር ይመስለኛል። (ብርድ ልብስ በሚመረትበት ከተማ ለሚኖር ሰው ምሳሌው ሩቅ አይደለም።)

ይባስ ብሎ ባለፈው ሳምንት ለሥራ ወደ ሸዋ ሮቢት ስወርድ አሮጌውን ሰክቼ ነበር። የጣርማበርን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ስንያያዘው የሙዚቃው ባስ (ወፍራሙ ድምፅ) ቀስ በቀስ ሳስቶ ሊጠፋ ደረሰ። ደብረ ሲና አካባቢ ምራቄን ስውጥ ጆሮዬ ተከፈተ፤ ባሱም በዚያው ቅጽበት ተመለሰ። ኤርፎኑን በእጄ አልነካሁትም።

እንግዲህ ከሰማሁት ለውጥ ምን ያህሉ የማዳመጫው፣ ምን ያህሉ የእኔ ነው? ይህን ሳልለይ የሦስት ወር ደመወዝ ማውጣትስ አግባብ ነውን?

መልስ 1
ድምፅ ጠጋኙ፣ ከደብረ ሲና

ወንድሜ ብርዳሙ፣ ራዲዮና ድምፅ ማጉያ በመጠገን ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝና ከማውቀው ልጀምር። የመጀመሪያው ማታ ፍርድህ ከጅምሩ የተዛባ ነበር፤ ምክንያቱም ሁለቱን ማዳመጫዎች በአንድ የድምፅ ከፍታ አልሰማሃቸውም። 300 ኦም የሆነ ማዳመጫ ጎልቶ እንዲሰማ ከስልክ የሚወጣው ቮልቴጅ ብዙውን ጊዜ አይበቃውም። ኤርፎንህ ግን በጥቂት ቮልቴጅ ይጮኻል። ስለዚህ የስልክህን ቮልዩም በአንድ ቦታ አቁመህ ስታፈራርቅ ውዱ በብዙ ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ዝቅ ብሎ ነበር የሚሰማህ።

«ዝቅ ቢል ዝቅ ይበል፣ ባሱን ማን ወሰደው?» ትል ይሆናል። ባሱን የወሰደው ጆሮህ ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1933 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጡት ጥናት ጆሯችን ለወፍራምና ለቀጭን ድምፅ እኩል እንደማይነቃ፣ ድምፁ ዝቅ ባለ ቁጥርም ወፍራሙ ቀድሞ እንደሚጠፋ አሳይተዋል። 1000 ኸርዝ የሆነ ድምፅ (ኸርዝ የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል) በ40 ዴሲቤል ቢሰማ፣ 100 ኸርዝ የሆነው ከእሱ ጋር እኩል ጎልቶ እንዲሰማ ከ60 ዴሲቤል በላይ ይፈልጋል። የበገናህ ወፍራም አውታር የሳሳው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህም ሌላ፣ በአንድ ወይም በሁለት ዴሲቤል ብቻ ከፍ ያለውን ድምፅ ሰው «ጮኸ» አይለውም፤ «ጠራ» ወይም «ሞላ» ነው የሚለው። ሻጮች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ።

ስለ 200 ሰዓቱ ደግሞ፣ የትልቅ ድምፅ ማጉያ ዙሪያውን የያዘው ጎማ በሥራ ብዛት ትንሽ እንደሚላላ በእጄ አይቼዋለሁ። በጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ያለችው፣ እየተርገበገበች ድምፅ የምታወጣው ስስ ሽፋን ግን እንቅስቃሴዋ እጅግ ትንሽ ስለሆነ፣ ማዳመጫውን ራስህ ላይ በጥቂት ሚሊ ሜትር ብታንሸራትተው የሚመጣው ለውጥ ከእሷ መፍታታት ይበልጣል። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ በእርግጥ የሚለወጠው ትራሱ ነው፤ ይረግባል፣ የራስ ቅልህንም ቅርፅ ይይዛል፤ ያኔ ሽፋኗ ወደ ጆሮህ ትቀርባለች።

አንድ ነገር ልጠይቅህና ላብቃ፦ የአሮጌው ኤርፎንህ ላስቲኮች እንዴት ናቸው? ጆሮ ውስጥ የሚሰካ ኤርፎን ባስ የሚሰጠው የጆሮን ቱቦ አየር ሳያሾልክ ሲዘጋው ብቻ ነው። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ክፍተት ባሱን ይዛ ትሄዳለች።

መልስ 2
እንዚራ፣ ከመሐል ሜዳ

ለተከበሩ ጠያቂ። የሰውን የሰውነት አሠራር ለተማሪዎች አስተምራለሁ፤ በገናም በትርፍ ጊዜዬ እደረድራለሁ። ድምፅ ጠጋኙ በተናገሩት ላይ የምጨምረው ከጆሮ ታምቡር ወዲያ ስላለው ነው።

ከጣርማበሩ ልነሳ፤ ከሁሉም ቀላሉ እሱ ነውና። ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ 1300 ሜትር ገደማ ወደሆነው ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ በውጭ ያለው የአየር ግፊት ይጨምራል፤ ከታምቡሩ ጀርባ ያለው አየር ግን ከላይ ይዘውት የመጡት ነው። ታምቡሩ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ይወጠራል። የተወጠረ ታምቡር ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ ይልቅ በቀላሉ ስለሚያሳልፍ ባሱ ሳሳ። ምራቅ ሲውጡ ከጉሮሮ ወደ መካከለኛው ጆሮ የሚያደርሰው ቦይ ተከፍቶ ግፊቱ እኩል ሆነ፤ ባሱም ተመለሰ። የሚያወዳድሩት ሁልጊዜ ማዳመጫውንና ጆሮዎን በአንድነት እንጂ ማዳመጫውን ለብቻው እንዳልሆነ መንገዱ ራሱ አስተምሮዎታል።

የጆሮ ቱቦ ርዝመቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አንደኛው ጫፉ ክፍት፣ ሌላኛው በታምቡር የተዘጋ በመሆኑ እንደ ዋሽንት በራሱ ቃና ያስተጋባል፤ በዚህም የተነሣ 3000 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ ወደ ታምቡር ሲደርስ ጎልቶ ነው። አንጎላችን ከልጅነት ጀምሮ ይህን ጉልህነት «ትክክለኛ ድምፅ» ብሎ ተቀብሎታል። ኤርፎን ሲሰኩ ግን ቱቦው ይደፈንና ማስተጋባቱ ይለወጣል፤ የውጭው ጆሮ እጥፋቶችም ከጨዋታው ይወጣሉ። ስለዚህ ጥሩ ማዳመጫ የሚሠራ ሰው፣ ማዳመጫው ራሱ ያጠፋውን ነገር መልሶ በድምፁ ውስጥ መጨመር አለበት። ምን ያህል ይጨምር የሚለው ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ጆሮ እንደ አሻራ ነውና። አጎትዎን ያስደሰተው እርስዎን የማያስደስትበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ ሳምንታት። በ1998 (እ.ኤ.አ.) በኔዘርላንድ ሆፍማንና ባልደረቦቹ የአራት ሰዎችን የውጭ ጆሮ ቅርፅ በሚለውጥ ልባጥ ሞልተው ነበር። ሰዎቹ ድምፅ ከላይ ይምጣ ከታች መለየት ወዲያውኑ አቃታቸው። በሳምንታት ውስጥ ግን፣ ማንም ሳያስተምራቸው፣ አንጎላቸው አዲሱን ጆሮ ለመደ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ፍጻሜው ነው፤ ልባጡ ሲወጣ በአሮጌው ጆሯቸው ያለ ምንም ችግር መስማት ቻሉ፤ አዲሱ ሲማር አሮጌው አልተረሳም ማለት ነው። በእርግጥ ያ ሙከራ የድምፅን አቅጣጫ እንጂ የማዳመጫን ጥራት አልመረመረም። ሆኖም አንጎል በሳምንታት ውስጥ የሚሰማበትን ሚዛን ማስተካከል እንደሚችል ያሳያል። «ተፍታታ» የተባለው በአብዛኛው እርስዎ ነዎት።

የበገናው ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ልቤን ይስበዋል። እንደሚያውቁት በገና አሥር አውታር አለው፤ በአውታሩና አውታሩን በሚሸከመው እንጨት መካከል እንዚራ የምንላት ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። አውታሩ ሲመታ እንዚራዋን እየነካ ስለሚንቀጠቀጥ ያ የምናውቀው ንዝረት ይወጣል። ንዝረቱ በመሠረቱ ከዋናው ወፍራም ቃና በላይ የተደረደሩ የብዙ ቀጫጭን ድምፆች ክምችት ነው። አንጎል እነዚህን ቀጫጭኖች ሰምቶ በመካከላቸው ካለው እኩል ርቀት በመነሣት መሠረቱ የትኛው ቃና እንደሆነ ያሰላል፤ መሠረቱ ራሱ ባይኖር እንኳ ያለ ያህል ይሰማዋል። በሁዳዴ ሰሞን በትንሽ የስልክ ድምፅ ማውጫ በገና ስንሰማ ወፍራሙን አውታር «የምንሰማው» በዚህ መንገድ ነው፤ ያቺ ትንሽ ማውጫ ያን ቃና ማውጣት አትችልም። ስለዚህ በበገና ሁለት ማዳመጫ የሚያወዳድር ሰው ወፍራሙን ብቻ ቢከታተል አንጎሉ እየሞላለት ይታለላል። ንዝረቱን ይከታተል፤ አንዱ አውታር ሳይጠፋ ሌላው ሲመታ ሁለቱ ንዝረቶች ተለያይተው ይሰማሉ ወይስ ተዋሕደው አንድ ይሆናሉ? ልዩነቱ የሚገኘው እዚያ ነው።

መልስ 3
ተጠራጣሪው፣ ከአረርቲ

ይህ ሁሉ ትምህርት መልካም ነው፤ ነገር ግን የጠያቂው ገንዘብ ነውና ነገሩን ወደ ገንዘቡ እንመልሰው። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ብሬባርት የተባለ ተመራማሪ የ283 ማዳመጫዎችን ልኬት ከመሸጫ ዋጋቸው ጋር አነጻጽሮ፣ ከወፍራም እስከ ቀጭን ያለውን ድምፅ በሚያወጡበት አኳኋንና በዋጋቸው መካከል ዝምድና አላገኘም። ገንዘቡ ለምቾት፣ ለጥንካሬና ለስም ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ የሚሻው ካለ ይክፈል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ዓይን ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። «ባ» የሚል ድምፅ «ጋ» ከሚሉ ከንፈሮች ጋር ሲቀርብ ብዙ ሰው «ዳ» ብሎ እንደሚሰማ ማክገርክና ማክዶናልድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1976 (እ.ኤ.አ.) አሳይተዋል። ስለዚህ ጠያቂው ዓይናቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ እህት ወይም ወንድም ማዳመጫውን እየለዋወጠ እንዲያጠልቅላቸው ያድርጉ። ከ12 ጊዜ 10 ጊዜ ከለዩ ልዩነቱን ሰምተዋል ማለት ነው፤ በግምት ብቻ ያን ያህል የመምታት ዕድል ከመቶ 2 አይሞላም።

መልስ 4
እንዚራ፣ ከመሐል ሜዳ

ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ለእነዚህ ሁለት ማዳመጫዎች ግን አይሠራም። አንደኛው ጆሮን ይሸፍናል፣ ሌላኛው ጆሮ ውስጥ ይገባል፤ ዓይን ቢሸፈንም ቆዳ ያውቃል። 12 ጊዜ ከ12 ይለያሉ፤ የለየላቸው ግን ድምፁ አይሆንም። የድምፅ መሣሪያ አምራቹ የሃርማን ኩባንያ ተመራማሪዎች ይህን ችግር የተወጡት የልዩ ልዩ ማዳመጫዎችን ድምፅ በኮምፒውተር አስመስለው በአንድ ማዳመጫ ብቻ በማሰማት ነበር። ይህ በቤት ውስጥ ለሚሞክር ሰው አስቸጋሪ ነው። ይልቅስ ጠያቂው የድምፁን ከፍታ ያስተካክሉ፤ በየማዳመጫው የሰሙትንም ወዲያው በጽሑፍ ያስፍሩ፤ በዝርዝር የሰሙት ነገር በቃል ሲያዝ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መልኩን ይለውጣል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ከፍታውን ሲያስተካክሉ ውዱን ወደ ላይ ከመሳብ ይልቅ አሮጌውን ወደ ታች ያውርዱ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ጣሪያ 80 ዴሲቤል በሳምንት ለ40 ሰዓት ነው። የውስጥ ጆሮ ፀጉር መሰል ህዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም።

የጠያቂው ምላሽ
ብርዳሙ፣ ከደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ድምፅ ጠጋኙ፣ እንደነገሩኝ አደረግሁ። አንድ ካርቶን ቀድጄ የሌላ ስልክ ማይክሮፎን ከኋላው አስጠጋሁና የሁለቱን ከፍታ በግምት አቀራረብሁ። ልኬቱ የላቦራቶሪ አይደለም፤ ሆኖም አሮጌውን ከለመድሁት በብዙ ማውረድ ነበረብኝ። በዚያ ከፍታ ስሰማው ያ ደረቴን የሚነካው አውታር እሱም ሳስቶ አገኘሁት። በመጀመሪያው ማታ ያዘንሁት በከንቱ ነበር።

መምህር እንዚራ፣ ንዝረቱን ተከታተልሁ። በውዱ ሁለት አውታሮች ተከታትለው ሲመቱ የመጀመሪያው ንዝረት እስኪሞት ድረስ ለብቻው ይሰማኛል፤ በአሮጌው በቀኝ በኩል በመጠኑ፣ በግራ በኩል ግን ፈጽሞ አይሰማኝም። ግራና ቀኝ ለምን ተለያየ ብዬ ላስቲኮቹን ሳያቸው የግራው ከሥሩ ተሰንጥቆ ኖሯል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። ገበያ ወጥቼ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ላስቲክ ገዛሁ፤ የአጎቴን ማዳመጫ ለፋሲካ በሚሄድ ሰው እልከዋለሁ። እሱን ከላክሁ በኋላ በአዲሱ ላስቲክ ሦስት ሳምንት ሰምቼ፣ ብርድ ልብሱ ተገልጦ እንደሆነ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።