ባለ 3 ኢንች ዳውንፓይፕ ለጎልፍ ጂቲአይ፦ ድሬ ላይ እንዴት ላስገጥመው?

የከዚራው ጎልፍ

ሰላም የድሬና የሐረር መኪና ወዳጆች።

ጎልፍ 5 ጂቲአይ አለችኝ። 2.0 ቱርቦ፣ ባለ 200 ፈረስ ጉልበት፣ ማንዋል ካምቢዮ። ከዱባይ ስትመጣ የሞተሯ ኮምፒውተር ሶፍትዌር (ፋይሉ) ስቴጅ 1 ተደርጎ፣ ማለትም ለመጀመሪያ ደረጃ የጉልበት ጭማሪ ተስተካክሎ ነው የመጣችው። አሁን የአጎቴ ልጅ ከዚያው ዳውንፓይፕ (ከቱርቦው የሚወጣውን ጭስ የሚቀበለው ቧንቧ) ላከልኝ። 3 ኢንች ስቴይንለስ ነው፤ መሃሉ ላይ ባለ 200 ሴል (በአንድ ስኩዌር ኢንች 200 ቀዳዳ ያለው) ካታሊቲክ፣ ማለትም ጭስ ማጣሪያ፣ ታች ደግሞ ተጣጣፊ ክፍል አለው። ከቱርቦው ጀምሮ እስከ ማርሚታው መጀመሪያ ያለውን ሙሉ በሙሉ የሚተካ ነው።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። «አሮጌውን እዚህ ጋ ቆርጠን አዲሱን እንበይድበታለን» አሉኝ። አልተዋጠልኝም፤ መኪናዋን ይዤ ወጣሁ። የፈሩት ግን ይገባኛል። ቱርቦው ላይ ያሉት ዳዶዎች ከቡሎኑ ጋር በዝገት አንድ ሆነዋል።

ሌላው ጥያቄዬ ስለ ፋይሉ ነው። ለሥራ ሐረር እመላለሳለሁ። ደንገጎ ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ስረግጣት ትንፋሽ ያጥራታል፤ ድሬ ውስጥ ግን ነብር ነች። ዳውንፓይፑ ይህንን ይፈታልኛል ወይስ ፋይሉ አብሮ መቀየር አለበት?

ታይዋን ሰፈር

አቦ፣ አትጨናነቅ! ካታሊቲኩን አስወጣውና ባዶ ቧንቧ አድርገው። ድምፁ ያምራል፣ መኪናዋም ትተነፍሳለች። ለኋላው ኦክስጅን ሴንሰር ስፔሰር (ማራቂያ ቀለበት) አስቆርጥና ከጭሱ ራቅ አድርገው፤ ቼክ ኢንጂን አይበራም። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ቶርኖ ቤት

የከዚራው ወንድሜ፣ እኔ ቶርኖ ቤት አለኝ። ሙያውን የወረስኩት ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ካረጀው አባቴ ነው። የጭስ ቧንቧ ሥራ በየጊዜው በእጄ ስለሚያልፍ ሰፋ አድርጌ ልጻፍልህ።

ካታሊቲኩን አታውጣ። የፋብሪካዎቹ ብዙውን ጊዜ 400 ሴልና ከዚያ በላይ ናቸው። 200 ሴል ማለት መንገዱ ቀድሞውኑ ተከፍቶልሃል ማለት ነው። ባዶ ቧንቧ ከዚያ በላይ የሚጨምርልህን ከተማ ውስጥ አታገኘውም። የምታገኘው ሽታውን ነው። መርዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም የለውም። መጋላ ውስጥ መንገዱ ጠባብ ነው፤ ማርሚታህ የሚተፋውን የሚተነፍሰው ከኋላህ ባጃጅ ውስጥ እናቱ ያቀፈችው ሕፃን ነው። እዚህ ላይ ከታይዋኑ ወንድማችን ጋር አልስማማም። የኋላው ሴንሰርም ሥራው የካታሊቲኩን ጤና መከታተል ነውና አትሸውደው። ከገጠምክ በኋላ ፒ0420 (ካታሊቲኩ በደንብ አይሠራም የሚለው የስካነር ኮድ) ከመጣ መጀመሪያ ጭስ የሚያፈስበትን ቦታ ፈልግ።

ቆርጦ መበየዱን አለመቀበልህ ልክ ነው። ስቴይንለስና ተራ ብረት ሲሞቁ እኩል አይረዝሙም፤ ስቴይንለሱ ይበልጣል። በተራ ኤሌክትሮድ የተጣበቀ እንደሆነ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ብየዳው ይሰነጠቃል። ከኋላ ከማርሚታው ጋር በክላምፕ ይያያዝ። ከፊት ደግሞ በራሱ ፍላንጅ (በቡሎን የሚታሰረው ጠፍጣፋ ከንፈሩ) ቱርቦው ላይ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ዛገው ዳዶ። ማታ ዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይ ትረጫለህ፣ ጠዋት ትደግመዋለህ። ሞተሩን ጥቂት አስነስተህ ለብ ሲል ታጠፋለህ። ከዚያ ሩብ ዙር ትፈታለህ፣ መልሰህ ታጠብቃለህ፣ ትረጫለህ፣ እንደገና ትፈታለህ። በአንድ ትንፋሽ ልፍታ አትበል። ጆሮህን ስጠው። ዳዶው ሲፈታ እየጮኸ ከሆነ ደህና ነው፤ እየመጣልህ ነው። ጩኸቱ ጠፍቶ ቁልፉ እጅህ ላይ እንደ ላስቲክ ከለሰለሰ ግን ቡሎኑ እየተጠማዘዘ ነውና እዚያው አቁም። ከዚያ ወዲያ የሚያዋጣው ዳዶውን ብቻ በእሳት ማቅላት ነው። አጠገቡ ሽቦም ላስቲክም ስላለ እሳቱን የሚይዘው እጁ የተፈተነ ሰው ይሁን። ቡሎን ውስጥ ከቀረ ቱርቦው መውረድ አለበት፤ የአንድ ቀን ሥራ የሳምንት ይሆናል።

የቀኙ አክስል መውጫውን ይዘጋብሃል። ከካምቢዮው የሚታሰርባቸውን ቡሎኖች ፈትተህ ወደ ጎን እሰረው፤ ተንጠልጥሎ አይቅር። ቡሎኖቹ ባለ 12 ጥርስ ቁልፍ ነው የሚፈልጉት። ሌላ ከሞከርክ ራሳቸው ይበላል።

አዲሱን ፍላንጅ ሳትገጥም ቀጥ ያለ ማስመሪያ ፊቱ ላይ አስተኛና ወደ ብርሃን አዙረው። ፋብሪካ ሲበየድ በሙቀቱ የሚጣመም ፍላንጅ ብዙ አይቻለሁ። በማስመሪያው ሥር ብርሃን ካለፈ ቶርኖ ቤት ወስደህ ፊቱን አስላጨው። ጓርኒሲዮኑና ዳዶዎቹ አዲስ ይሁኑ። ሴንሰሮቹን በ22 ቁልፍ ትፈታለህ፤ ስትመልስ ሙቀት የሚችለው ቅባት ጥርሱን ብቻ ይንካ፣ ጫፉን አያግኘው።

አጥብቄ የምለምንህ እዚህ ጋ ነው። ከፊተኛው ሴንሰር በፊት የፀጉር ያህል ክፍተት እንዳይቀር። ጭሱ የሚወጣው በምት በምት ስለሆነ በምቶቹ መካከል ቧንቧው ከውጭ አየር ይስባል። ሴንሰሩ ያንን አየር አይቶ «ቤንዚን አነሰ» ይላል። ኮምፒውተሩ ያምነውና ይጨምራል። ቤንዚኑ ያልቃል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ካታሊቲኩ ይጎዳል። በመጨረሻ የሚወቀሰው ፋይሉ ነው። ስለዚህ ሥራው እንዳለቀ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ በማርሚታው ጫፍ ከኮምፕሬሰር ቀስ ያለ አየር እያስገባህ መጋጠሚያዎቹን የሳሙና ውሃ ቀባቸው። አረፋ ያወጣ ቦታ ያፈሳል።

ሸዋ በር

ከሐረር ነኝ፤ ስለ ደንገጎው ልመልስልህ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። ዳገቱን ስትጨርስ ወደ 2,000 ሜትር ደርሰሃል። እዚያ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ፋይሉ ማኒፎልድ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት ቧንቧ) ውስጥ 2 ባር ፍጹም ግፊት፣ ማለትም ከባዶ ጀምሮ የሚቆጠር ግፊት፣ ይፈልጋል እንበል። ዱባይ ላይ ቱርቦው አየሩን ሁለት እጥፍ ቢያምቀው ይበቃዋል። ደንገጎ አናት ላይ ያንኑ 2 ባር ለማግኘት ሁለት ተኩል እጥፍ ማመቅ አለበት። ያንተዋ ቱርቦ፣ ኬ03 የሚባለው ዓይነት፣ ትንሽ ነች። ፋይሉ ገደብ ካላበጀላት አቅሟ እስኪያልቅ ትሽከረከራለች፤ የምታምቀውም አየር ይግላል። ትንፋሽ ያጠራት እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ዳውንፓይፑ ቶሎ እንድትነሳ ይረዳታል። ያንኑ ያህል ግን ከልኳ በላይ እንድትሽከረከርም መንገድ ይከፍትላታል። ስለዚህ ፋይሉ አብሮ ይቀየር፤ ሲቀየርም ከፍታውን ንገራቸው። ቤንዚኑንም ንገራቸው። ዱባይ ማደያ 98 ኦክቴን ይሸጣል፤ እኛ የምንቀዳው ያገኘነውን ነው። ለ98 የተጻፈ ፋይል እዚህ በግንቦት ሙቀት ሞተር ያንኳኳል፤ ኮምፒውተሩም ለማዳን ሲል ማቀጣጠያውን ያዘገያል። ጉልበትህ የሚሄደው በዚያም ነው።

ሳትገጥም በፊት ስካነር ሰክተህ አንድ ጊዜ ውጣ። አጠገብህ ሰው ይቀመጥና የተፈለገውን ግፊት፣ የተገኘውን ግፊት፣ የሚገባውን አየር ሙቀትና ማቀጣጠያው የዘገየበትን ዲግሪ ይመዝግብ። ከገጠምክ በኋላ ድገመው። ፋይል ለሚጽፍልህ ሰው ይህን ከላክህለት በግምት አይሠራም።

የከዚራው ጎልፍ

ጋሼ ቶርኖ ቤት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጩኸቱን ስማ ያሉኝን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ሸዋ በር፣ አንተንም አመሰግናለሁ፤ የዱባዩን ሰው ስለ ከፍታው አንድም ቀን አልነገርኩትም ነበር። ካታሊቲኩ ባለበት ይቆያል።

አንዲት ነገር ብቻ ጋሼ። አዲሱ ፋይል እስኪመጣ ዳውንፓይፑን ገጥሜ መንዳት እችላለሁ? በስቴጅ 1 ፋይል ማለቴ ነው።

ቶርኖ ቤት

ድሬ ውስጥ ረጋ ብለህ ንዳት፣ ችግር የለውም። ደንገጎን ግን እስከ ወለሉ ረግጠህ አትውጣ። በስካነር የተገኘው ግፊት ከተፈለገው አልፎ እየወጣ ካየህ እግርህን አንሳ፤ ጭሱ ሲቀለው የቱርቦው ማስተንፈሻ በር አልበቃ ሊለው ይችላል።

እግረ መንገድህን ደግሞ ይህችን አደራ። ያንተ ሞተር ላይ የከፍተኛ ግፊቱን የቤንዚን ፓምፕ የሚገፋ፣ ካምሻፍቱ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ኩባያ መሳይ ብረት አለ። ያልቃል። ስቴጅ ሲጨመር ደግሞ ዓይን ይፈልጋል። ፓምፑን ፈትተህ ፊቱን እየው፤ ጥቁሩ ሽፋን ተልጦ ብረቱ ካበራ ቀይረው። ከተበሳ ካምሻፍቱንም ፓምፑንም ይዞብህ ይሄዳል።

ፍላንጁን ይዘህ መምጣት ከፈለግህ በጠዋት ና፣ ፀሐዩ ሳይበረታ።