አስቸኳይ!! ሰውየው ቻቱን እያጠፋብን ነው፣ ምን ላድርግ?

የለቡ ልጅ፦ ታናሽ እህቴን አንድ ሰውዬ በቴሌግራም ሲያባብላት ከርሞ የማይሆን ፎቶ አስልኳታል። አሁን «ካልመጣሽ ለክፍልሽ ልጆች እበትነዋለሁ» ይላል። ስልኳ እጄ ላይ ነው፤ እያየሁት መልእክቶቹ እየጠፉ ነው። ቶሎ በሉ!

ጌታ12፦ ብሎክ አድርገው በቃ።

ማርዳ፦ ዕድሜዋ? ከተማው? ሲክሬት ቻት ነው ወይስ ተራው?

የለቡ ልጅ፦ 14። አዲስ አበባ። ተራው ነው።

ማርዳ፦ ብሎክ አታድርገው፣ አትዛትበትም። ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን የሁለቱንም መልእክት ማጥፋት ይችላል። አሁኑኑ ኤርፕሌን ሞድ አብራ፤ ስልኩ ላይ የቀረው ባለበት ይቆያል። ከዚያ በሌላ ስልክ ቻቱን ቀስ እያልክ በቪዲዮ ቅረጽ፤ ቀኑና ሰዓቱ ይታይ፤ ፕሮፋይሉንም ጨምር። የእህትህ ፎቶ ጋ ስትደርስ ስክሪኑን ሸፍን፣ ለማንም አትላከው።

መምህሩ፦ ለ14 ዓመት ልጅ ስልክ ማን ገዛላት? የዘንድሮ ወላጅ ልጁን ለስክሪን አሳልፎ ሰጥቶ...

ሚሚ፦ መምህር፣ የወላጆች ስብሰባ ቅዳሜ ነው።

ፈረሱላ፦ ራሷ አይደለች እንዴ የላከችው? ሰውየው አልነካትም። ፖሊስ ምን ብሎ ይከሰዋል? ሽማግሌ ልካችሁ አስጠፉት።

ችሎት፦ መንካት አያስፈልግም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12(2)፦ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን በጽሑፍ ወይም በምስል ለወሲብ ማባበል ብቻውን ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ምስሉን መያዝና ማሰራጨት በ12(1) ከ3 እስከ 10። ፎቶውን አትላኩ የተባለውም ለዚህ ነው። ራሷ መላኳ ለሰውየው መከላከያ አይሆነውም። ቢነካት ኖሮ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 626 ይጨመራል። ሽማግሌውን ተወው፤ በግል አቤቱታ ብቻ የሚታይ ወንጀል ስላልሆነ እርቅ ክሱን አያስቀርም። ሰውየው ስልኩን የሚያጸዳበት ጊዜ ነው የምትሰጡት።

የልደት ካርዷን ይዛችሁ ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ሂዱ። ማባበሉንም አስመዝግቡ፤ «ዛቻ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ጉዳዩ ይቀልላል።

ጌታ12፦ ብሎክ አድርገው ብያለሁ እኮ።

ማርዳ፦ ቀርጸህ ከጨረስክ በኋላ ኔት ከፍተህ በኮምፒዩተር ቴሌግራም ዴስክቶፕ ግባ። ቻቱ ላይ ሦስቱ ነጥቦች፣ ኤክስፖርት ቻት ሂስትሪ፣ ከፋይል ዓይነቶቹ ጄሰን (JSON) የሚለውን ምረጥ። ፎቶና ቪዲዮ የሚሉትን ምልክት አንሳ። ዩዘርኔሙን ሊቀይር ይችላል፤ እዚያ ፋይል ላይ የሚወጣው መለያ ቁጥር ግን አይቀየርም። ካርድ ወይም ብር ልኮላት ከሆነ የቴሌብር መልእክቱን እንዳታጠፉ።

ሊያ፦ ፎቶው እንዳይሰራጭ ስልኩን ለፖሊስ ከማስረከባችሁ በፊት «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባለውን ነጻ አገልግሎት በራሷ ስልክ ተጠቀሙ። ፎቶው ከስልኩ አይወጣም፤ የሚላከው ከፎቶው የተሠራ ዲጂታል አሻራ ነው። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ በዚያ ይለዩታል። በግል ቻት የሚዘዋወረውን ግን አይዝም።

ፈረሱላ፦ እሺ፣ አባቷ ሰምቷል?

ማርዳ፦ የለቡ ልጅ፣ ኔቱን ዘጋኸው?