ቢሮ ውስጥ ቬፕ (የኤሌክትሪክ ሲጋራ) የሚያጨስ አለቃ፦ ቶሎ መልሱልኝ!

ጠያቂ፦ እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ። ክፍሉ በጭስ ታፍኗል፣ መስኮቱም አይከፈትም። ስናገረው «ቬፕ እኮ እንፋሎት ነው፣ ሕጉ አይነካኝም» ይለኛል። ከምሳ በኋላ ስብሰባ አለን። ምን ልበለው?

የፒያሳ ልጅ፦ የትኛው አለቃ ነው እሱ? መሥሪያ ቤቱስ የመንግሥት ነው የግል?

ዳዊት፦ በረንዳ ላይ ውጣ በይው። አለቀ።

ጤና ይቅደም፦ ነገሩን ከሥሩ እንየው። አገራችን የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት ያጸደቀችው በ2006 ዓ.ም. ነው። ከዚያ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መጣ፤ በሥራ ቦታ ማጨስንም ይከለክላል።

ጠያቂ፦ የቡድን መሪያችን ነው፣ የግል ድርጅት ነው። ሌሎች ሁለት ደግሞ ኮሪደር ላይ ሲጋራ ያጨሳሉ። ነፍሰ ጡር ነኝ እኮ!

ቶም፦ አላጋነንሽውም? ቬፕ ሲጋራ አይደለም። ሽታውም የፍራፍሬ ነው።

ሲስተር፦ ወንድሜ፣ የፍራፍሬ ሽታ ስላለው ፍራፍሬ አይሆንም። አብዛኛው ኒኮቲን አለው፣ ደቃቅ ብናኝም አለው። ኒኮቲን ጽንስን ይጎዳል። እህቴ፣ ከዚያ ክፍል ውጪ፤ ለሐኪምሽም ንገሪ።

አቤል፦ መስኮት በማይከፈት ቢሮማ ሁላችሁም በነፃ እያጨሳችሁ ነው 😄

ሳሚ፦ በረንዳ ላይ ይውጣ በቃ።

የሰው ኃይል ባለሙያ፦ በረንዳ በረንዳ አትበሉ። አዋጁ ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር ይራቅ ይላል። ኮሪደርም ደረጃም የሥራ ቦታው አካል ነው። የግል ሆነ የመንግሥት ለውጥ የለውም። ቬፕን ወደ አገር ማስገባትም መሸጥም በዚሁ አዋጅ የተከለከለ ነው፤ ስለዚህ «ሕጉ አይነካኝም» የሚለውን አትቀበይው።

እህቴ፣ ከእሱ ጋር አትሟገቺ። አሁኑኑ ለሰው ኃይል ክፍል በኢሜይል ጻፊ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ነፍሰ ጡር መሆንሽንም ግለጪ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ጤና እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ እሱንም ጥቀሺ። ለዛሬው ስብሰባ «በስልክ ልግባ» በይ። ዝም ካሉሽ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር 8482 ነው። ኢሜይሉን ግን ለራስሽ አስቀሪ፤ ነገ «አልነገረችንም» እንዳይሉሽ።

የፒያሳ ልጅ፦ ጎበዝ! ይሄ ነው መልስ። እህታችን፣ ስብሰባው እንዴት ሆነ?

ሜሪ፦ እኛ ጋ ደግሞ የሚያጨሱት መግቢያው በር ላይ ቆመው ነው። ጭሱ ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ይሄም ይከለከላል?

የሰው ኃይል ባለሙያ፦ አዎ። በሩም 10 ሜትሩ ውስጥ ነው። «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ ይለጠፍ ብለሽ ጠይቂ፤ የአስተዳደሩ ግዴታ ነው።