የታናሽ ወንድሜ ጥይት ወደ ግራና ወደ ታች የሚያርፈው ለምንድን ነው?

የማርቆስ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ባለፈው እሑድ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ የተኩስ መለማመጃ ሜዳ፣ በፈቃድና አሠልጣኝ ባለበት፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር በማካሮቭ ሽጉጥ ዒላማ ስንተኩስ ዋልን። ልጁ ረጋ ያለና የተነገረውን የሚሰማ ነው፤ አፈሙዙን ወደ ሰው አያዞርም፣ ጣቱንም ያለ ጊዜው ቃታ ላይ አያሳርፍም። ሆኖም በ10 ሜትር ርቀት በሰቀልነው ወረቀት ላይ ጥይቶቹ ሁሉ ወደ ግራና ወደ ታች ተሰብስበው ያርፉበታል። በዚያው ሽጉጥ እኔ ስተኩስ መካከሉን አገኘዋለሁ። የሚተኩሰው በቀኝ እጁ ነው። ማነጣጠሪያውን ላስተካክልለት ወይስ ችግሩ የአያያዝ ነው?

ጡረተኛው አሠልጣኝ፦
ወንድሜ፣ ማነጣጠሪያውን አይንኩት፤ እርስዎ መካከሉን ካገኙበት ሽጉጡ ጤነኛ ነው። በቀኝ እጁ የሚተኩስ ጀማሪ ጥይቱ እንዲህ ሲወርድበት፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ድምፁንና ግፊቱን አስቀድሞ እየጠበቀ ቃታውን ባንዴ መንጨቁና እጁን ወደ ታች መጫኑ ነው። በማካሮቭ ደግሞ መምቻው፣ ማለትም ከሽጉጡ በስተኋላ ያለው መዶሻ መሰል ብረት፣ አስቀድሞ ወደ ኋላ ካልተሳበ የመጀመሪያው ጥይት ቃታ በጣም ይከብዳል፤ ከዚያ በኋላ ሽጉጡ ራሱ መምቻውን እየመለሰ ስለሚያዘጋጀው ይቀላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥይት ያረፈበትን ቦታ ለብቻው ምልክት ያድርጉበት።

መድኃኒቱ ያለ ጥይት መለማመድ ነው። ካዝናውን፣ ማለትም የጥይት መያዣውን፣ ያውጡ፤ ከዚያም ሽጉጡን ከፍተው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ፤ ካዝና ወጣ ማለት የጎረሰ ጥይት የለም ማለት አይደለምና፣ ስንት ቤት ያዘነው በዚህ ምክንያት በባረቀ ጥይት ነው። ይህን ካደረጉ በኋላ አንድ ቀለህ በፊተኛው ማነጣጠሪያ አጠገብ ያቁሙለትና ቀለሁ ሳይወድቅ ቃታውን በዝግታ መሳብ ይልመድ።

ከቡሬ፦
ጋሼ የተናገሩት ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው፣ 8 ጥይት የሚይዘውን ካዝና እርስዎ ራስዎ ይሙሉለትና በመካከሉ ባሩድ የሌለው የመለማመጃ ጥይት አንድ ያስገቡ፣ የትኛው እንደሆነ ግን አይንገሩት። ተራው ደርሶ ሽጉጡ ሳይተኩስ አፈሙዙ ወደ መሬት ሲደፋ ልጁ ጥፋቱን በዓይኑ ያየዋል። የጆሮ መከላከያም ይግዙለት፤ በጆሮ የተወተፈ ጥጥ ያን ድምፅ አያስቀረውም፣ ድምፁን የፈራ ልጅም እጁ አይረጋም።

የእነማይ እናት፦
ልጆቼ፣ ከዒላማው በስተኋላ ምን እንዳለ አልተናገራችሁም። ድንጋይ ላይ ያረፈ ጥይት ነጥሮ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም፤ በጎጃም ደግሞ ከብት የሚጠብቅ ልጅ የማይደርስበት ዳገት የለም። ፈቃዱም የተሰጠው ለአንተ ነውና፣ አሠልጣኙ በሌለበት ቀን ሽጉጡን ለወንድምህ እንዳትሰጠው አደራ እልሃለሁ።

የማርቆስ ልጅ፦
እናቴ፣ ከዒላማው በስተኋላ ድንጋይ የሌለበት ከፍ ያለ የአፈር ቁልል አለ፤ ሜዳውም ጥበቃ ስላለው እረኛ አይገባበትም። ሽጉጡን ለብቻው አልሰጠውም። ጋሼ፣ ቀለሁን ዛሬ ማታ እንጀምራለን፤ ከሚቀጥለው ተኩስ በኋላ ጥይቶቹ የት እንዳረፉ እዚሁ እጽፋለሁ።