እማዬ የሴፍቲኔት መቋቋሚያ ብር ልትቀበል ነው፤ እንጀራ ይሻላታል ጉሊት?

የጉለሌዋ፦
ሰላም ናችሁ? እማዬ በከተማ ሴፍቲኔት (ድሃ ቤተሰቦችን እያሠራ በሚከፍለው የመንግሥት ፕሮግራም) ታቅፋ መንገድ ስትጠርግ፣ ችግኝ ስትተክል ቆይታ አሁን ሦስት ዓመቷን ጨርሳ ልትመረቅ ነው። ሥልጠናውን ወስዳለች። የመቋቋሚያው ብር በቅርብ ይለቀቃል ተብላለች። ከክፍያዋ ሃያ በመቶ እየተቆረጠ የተቆጠበላትም አለ።

ቤታችን ግን ጦርነት ነው። ወንድሜ "ፍሪጅ እንግዛና ለስላሳ ትሽጥ" ይላል። (ለስላሳውን ማን እንደሚጨርሰው አውቃለሁ።) እሷ እንጀራ ካልጋገርኩ ብላለች። እጇን ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክርላታል፤ ድግስ ሲኖር መጀመሪያ የምትጠራው እሷ ናት። ግን የቀበሌ ቤት ነው ያለነው፣ አንድ ክፍል። ቆጣሪውም ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው። በእንጨት እንዳትጋግር ጭስ ዓይኗን ያማታል። እኔ ጉሊት ባይ ነኝ፤ ሽንኩርትና ቲማቲም።

ሥልጠናው ላይ ቢዝነስ ፕላን ሙሉ ተብለው ነበር። ፊደል ስለማትለይ የሞላሁላት እኔ ነኝ። "ተፎካካሪዎችሽ እነማን ናቸው?" የሚለው ጋ ስደርስ፣ "ጎረቤታችን ናት፤ ግን እንዳትጽፊው፣ ትቀየመኛለች" አለችኝ። ባዶ ተውነው።

ባለምጣዷ፦
እህቴ፣ እኔ ልጆቼን ያሳደግኩት በእንጀራ ነው። እናትሽ እጃቸው ከተመሰከረለት እንጀራውን አትከልክያቸው። ቲማቲም እኮ በሁለት ቀን ይበሰብሳል።

ግን መጀመሪያ ቆጣሪውን ጨርሱ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ኪሎዋት በላይ ይስባል። ሁለት ቤት እኩል ሲጋግር መብራቱ ይጠፋል፤ ወር ላይ ቢሉ ሲመጣ ደግሞ ጠቡ ይጀመራል። የራሳቸው ቆጣሪ እስኪገባ ወረዳው መሥሪያ ቦታ ይሰጣቸው እንደሆነ ጠይቂ።

ብሩን ሁሉ ዕቃ ላይ እንዳትጨርሱት። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ምጣድ፣ ባልዲ፣ መሶብ፣ ሁሉም አዲስ፤ ጤፍ መግዣ ግን የለም። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ሬስቶራንት ስታስረክቢ ደግሞ ሒሳቡን በሳምንት ነው የሚሰጡሽ፣ አንዳንዱ በስንት ልመና። ስለዚህ የመጀመሪያው ጤፍ ብር ሳይመለስ ሁለተኛውን መግዣ በእጅ መኖር አለበት።

ፊደል አለመለየታቸው አያሳስብሽ። ሁለት ቦርሳ ይያዙ፣ አንዱ የጤፍ፣ አንዱ የቤት። ከጤፉ ቦርሳ ዕድርም፣ ልቅሶም፣ ወንድምሽም አይወስዱም።

ታዛቢ፦
ይሄ ሁሉ ለትንሽ ብር? ፋብሪካ አስገብተው ደሞዝተኛ ቢያደርጓቸው አይሻልም ነበር? ብር በልተው ተመልሰው እዚያው ናቸው።

የቀድሞ አሠልጣኝ፦
ታዛቢ፣ ያልከው እዚሁ አገራችን ተሞክሯል። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች ፋብሪካ ሥራ ያመለከቱ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ በሦስት ቡድን መደቧቸው። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ለአንዱ ቡድን ሥራው፣ ለሌላው 300 ዶላር ያህልና የአምስት ቀን ሥልጠና፤ የቀሩት ምንም አልተሰጣቸውም። ሥራውን ካገኙት አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላ ለቀቁ። ብሩ የደረሳቸው ግን በዓመቱ ገቢያቸው ምንም ካልተሰጣቸው በሲሶ ግድም በለጠ።

አንተም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳትክም። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታዩ ልዩነቱ ጠፍቷል።

እኔ ሳሠለጥን የሚቆጨኝ ነገር ነበር። ሰውየው የምስክር ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ በሩን የሚያንኳኳለት የለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ በስድስት አገሮች በጣም ድሃ በሆኑ ቤተሰቦች ላይ የተደረገ ጥናት አለ፤ የኢትዮጵያው ትግራይ ውስጥ ነበር። እዚያ ከሚሰጠው ከብት ወይም መነሻ ሀብት ጋር ቀለብ፣ ቁጠባና ቤት ድረስ እየሄደ የሚጠይቅ ባለሙያ አብሮ ነበር። ድጋፉ ካበቃ ከዓመት በኋላም ቤተሰቦቹ የተሻለ ይበሉ ነበር። ቀለቡን ልብ በሉ፤ ቤት የሚላስ የሚቀመስ ከሌለ ጤፉ ራሱ ይበላል።

የጉለሌዋ፣ እናትሽ ከተመረቁ በኋላ ማን እንደሚከታተላቸው ወረዳውን አሁኑኑ ጠይቂ። ወርኃዊ ክፍያው ሲቆም የመጀመሪያዎቹን ወራት በምን እንደምትበሉም አስቡ። ከተቆጠበው የተወሰነውን ለዚያ ብታስቀምጡት ጥሩ ነው።

የጉለሌዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ለእማዬ አነበብኩላት። ሁለት ቦርሳውን ወዳዋለች፤ ወንድሜ እንኳ ዝም ብሏል። የቀለቡን ግን እኔ ከደሞዜ ለጊዜው እሸፍናለሁ፣ ቁጠባዋ አይነካም ብያለሁ። በቀበሌ ቤት የራሱን ቆጣሪ በቅርብ ያስገባ ካለ ምን ምን ወረቀት እንደጠየቁት ይንገረኝ።